አትክልት ተራ ኩሬ ላይ ያየሁት ቀለም

እናቴ አትክልት ተራ ቲማቲም ትሸጥ ነበር። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ እኔም አብሬያት እወርዳለሁ፤ ሥራዬ የተጨፈለቀውን ከደህናው መለየትና ሳጥን መጠበቅ ነው። አይሱዙዎቹ ከሌሊት ጀምረው ያራግፋሉ፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል፣ የበሰበሰ ጥቅል ጎመን ይሸታል። ከዚያ ሁሉ አብልጦ ትዝ የሚለኝ ግን መኪና ሥር የተጠራቀመ ቆሻሻ ውሃ ነው። ናፍጣ ጠብ ሲልበት ቀለም ይዘረጋል፤ ሐምራዊ፣ አረንጓዴ፣ ወርቃማ። በእግሬ ስነካው ይበታተናል፣ ቆይቶ ደግሞ መልሶ ይገጥማል። እናቴ "ኧረ ጫማህን!" ትላለች።

ዛሬ እዚያ ሄዳችሁ ቲማቲም አታገኙም። ገበያው በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፣ በ2013 ደግሞ ለጥምቀት ሜዳው እንዲለቀቅ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄደ። ከዚያ በኋላ ፒያሳ ላይ የሆነውን ሁላችሁም በስልካችሁ አይታችኋል። ስሙ ግን አልሄደም፤ አሁንም ሰው "አትክልት ተራ ጋ ጠብቀኝ" ይላል።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ገበያ ልጽፍ ፈልጌ አይደለም። ስለዚያ ቀለም፣ ስለ ሌዘር፣ ስለ ብረት ቅንጣትና ስለ አንዲት ጓደኛዬ ነው። ኢኮኖሚክስ ያጠና ልጅ ፊዚክስ ውስጥ ምን ይሠራል ለምትሉ፦ የኔ ጥያቄ መጨረሻ ላይ የበጀት ጥያቄ ነው። ታገሡኝ።

ውሃ ላይ የተዘረጋ ናፍጣ በጣም ስስ ነው። ብርሃን ሲመታው ከፊሉ ከላይኛው ፊት ይመለሳል፣ ከፊሉ ዘልቆ ገብቶ ከታችኛው ፊት፣ ውሃውን ከሚነካበት፣ ይመለሳል። ሁለቱ ዓይናችሁ ጋ ሲገናኙ አንዱ ትንሽ ዘግይቷል። የአንዱ ሞገድ ከፍታ ከሌላው ከፍታ ጋር ከገጠመ ያ ቀለም ይደምቃል፤ ከፍታው ከዝቅታ ጋር ከገጠመ ይጠፋል። የትኛው ቀለም ደምቆ የትኛው እንደሚጠፋ የሚወስነው የናፍጣው ውፍረት ነው። እንግዲህ እኔ በጫማዬ የምበትነው ነገር ጥቂት መቶ ናኖሜትር የሚለካ ማስመሪያ ኖሯል። (ናኖሜትር ማለት የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።)

ይህ ነገር በፈረንጅኛው ኢንተርፌረንስ ይባላል። አማርኛ ልፈልግለት ብዬ መዝገበ ቃላት ብከፍት "ጣልቃ ገብነት" አገኘሁ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መግለጫ መሰለኝና ተውኩት። ፊዚክስን በእንግሊዝኛ ስለተማርን ኩሬው አጠገብ ቆመን የምንለው ነገር የለንም። እኔ መደራረብ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ የተሻለ ቃል ያለው ኮሜንት ላይ ያስቀምጥ።

አሁን ወደ ብረቱ።

ጊቢ ሳለሁ አንድ ቪዲዮ አየሁ፤ ጥቁር ፈሳሽ ሳህን ላይ ተቀምጦ ማግኔት ሲጠጋው እንደ ጃርት እሾህ ያወጣል። ይህ ፌሮፍሉይድ የሚባለው ነው። የናሳው ስቲቭ ፓፔል በ1963 እ.ኤ.አ. የሠራው፣ ክብደት በሌለበት ጠፈር ውስጥ የሮኬት ነዳጅን በማግኔት ለመሳብ አስቦ ነበር። እኔም ፒያሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ የተረፈ የፕሪንተር ቶነር ለምኜ (አንዳንዱ ቶነር ውስጥ የብረት ኦክሳይድ አለ) ከምግብ ዘይት ጋር አማሰልኩት። እናንተ ይህን አትሞክሩ፣ ዱቄቱ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ማግኔት ሳስጠጋ ትንሽ ብድግ አለ፣ ደስ አለኝ። በማግስቱ ሳየው ዘይቱ ከላይ፣ ጥቁሩ ከታች ሆኗል። ልክ እንደ ጀበና ቡና ሰክኗል።

ምክንያቱ መጠን ነው። የቶነር ቅንጣት በማይክሮሜትር የሚለካ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ቋጥኝ ማለት ነው። እውነተኛው ማግኔታዊ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ቅንጣት 10 ናኖሜትር አካባቢ ነው። እንደዚያ ሲያንስ የውሃው ሞለኪውሎች ከየአቅጣጫው እየገፉ እንዳይዘቅጥ ያንገላቱታል፤ ብራውንያዊ እንቅስቃሴ የሚባለው ነው፣ አንስታይን በ1905 እ.ኤ.አ. ሒሳቡን የጻፈለት። እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ደግሞ ሳሙና መሰል ሽፋን ይለብሳል። ሽፋኑ ካልያዘ ይጓጉላል፣ ከተጓጎለ ይሰክናል።

ይህ የቪዲዮ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ገበያችንን ከፒያሳ ባነሳው በዚያ ወረርሽኝ ጊዜ በዓለም ላይ ብዙ ላቦራቶሪዎች የቫይረሱን አርኤንኤ ከናሙናው የለዩት በማግኔት ዶቃዎች ነው። ዶቃው ፈሳሹ ውስጥ ይገባል፣ አርኤንኤው ይጣበቅበታል፣ ማግኔት ወደ ጎን ይስበዋል፣ ሌላው ይታጠባል። "ፖዘቲቭ ነህ" ከሚለው ቴክስት በስተጀርባ ይህ አለ።

እሺ፣ ፈሳሹ ውስጥ ያለው ቅንጣት 10 ነው ወይስ 20 ናኖሜትር? ተጣብቋል ወይስ ነጠላ ነው? በዓይን አይታይም፣ በተራ ማይክሮስኮፕም አይታይም። እዚህ ላይ ነው ሌዘሩ የሚገባው፣ እኔ ደግሞ ይህን ክፍል በጣም ስለምወደው ትንሽ ልቆይበት።

አንድ ሌዘር ለሁለት ይከፈላል። ሁለቱ ጨረሮች በጠባብ ማዕዘን መጥተው ፈሳሹ ውስጥ ይጋጠማሉ። ሲደራረቡ ብሩህና ጨለማ መስመር በየተራ ይሠራሉ፤ የነጠላ ጥለት አስቡ፣ ግን አንዱ መስመር ከቀጣዩ የሚርቀው 10 ማይክሮሜትር ብቻ ነው። ጥቁሩ ቅንጣት ብርሃን ይውጣል፣ ስለዚህ ብሩሁ መስመር ይሞቃል፣ ጨለማው ቀዝቃዛ እንደሆነ ይቀራል። ሙቀት ልዩነት ሲፈጠር ቅንጣቶቹ መሰደድ ይጀምራሉ፤ እንደ ሽፋናቸው ዓይነት አንዳንዶቹ ወደ ቀዝቃዛው፣ አንዳንዶቹ ወደ ሙቁ። ትንሽ ቆይቶ ፈሳሹ ራሱ ጥለት ይሆናል፦ ቅንጣት የበዛበት መስመር፣ ቅንጣት የሳሳበት መስመር።

ከዚያ ሌዘሩ ድንገት ይጠፋል።

ሙቀቱ ወዲያው ይከዳል፤ በ10 ማይክሮሜትር ጥለት ላይ ከአንድ ሰከንድ 18 ሚሊዮንኛ ገደማ ቢፈጅ ነው። ቅንጣቶቹ ግን ቀርፋፋ ናቸው፤ እየተገፉ እየተንገላቱ ነው የሚመለሱት። ሌላ ደካማ ሌዘር ጥለቱ ላይ ይበራል፣ ጥለቱ እስካለ ድረስ ጨረሩ ይበተናል፣ ጥለቱ ሲደበዝዝ የተበተነውም ይደበዝዛል። የደበዘዘበትን ጊዜ መያዝ ነው። ውሃ ውስጥ ያለ 10 ናኖሜትር ቅንጣት ከሆነ ከሰከንድ 0.06 ገደማ። 20 ናኖሜትር ከሆነ እጥፍ፣ 0.12። ተጓጉሎ 200 ከሆነ ከሰከንድ በላይ። በሰዓት መጠን ለካችሁ ማለት ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የፓሪስ ተመራማሪዎች ከላትቪያ ባልደረባቸው ጋር ሆነው ይህንኑ በማግኔታዊ ፈሳሽ ላይ ሠርተው፣ ማግኔት ሲጠጋ ቅንጣቱ በማግኔቱ አቅጣጫ የሚሄድበትና በጎን የሚሄድበት ፍጥነት እንደሚለያይ አሳይተዋል።

ይህን ሳነብ ራሴን የያዝኩት አንድ ሌላ ነገር ነው። ከአትክልት ተራ ወደ አራት ኪሎ በእግር ብትሄዱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እዚያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ትምህርት ክፍል አለ። ዶ/ር ሙሉጌታ በቀለ፣ በደርግ ዘመን ለዓመታት የታሰሩት፣ የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. የሳካሮቭ ሽልማትን የሰጣቸው፣ ያስተማሩት እዚያ ነው። እሳቸውና መስፍን አስፋው በ2004 እ.ኤ.አ. አንድ ጽሑፍ በአውሮፓ የፊዚክስ መጽሔት አሳትመዋል፤ ርዕሱ ስለ ብራውንያዊ የሙቀት ሞተር ነው። ፈሳሽ ውስጥ ያለች አንዲት ቅንጣት፣ እንደ መጋዝ ጥርስ ከፍ ዝቅ በሚል መንገድ ላይ፣ ሙቅ ቦታና ቀዝቃዛ ቦታ በየተራ ሲገጥማት፣ ያ ትርምስ ወደ አንድ አቅጣጫ ገፍቷት ሥራ መሥራት ትችላለች ወይ? ምን ያህልስ?

ሙቅ፣ ቀዝቃዛ፣ ሙቅ፣ ቀዝቃዛ። ከሌዘሩ ጥለት ጋር አንድ ናቸው አልልም፤ የነሱ ሞዴል ሌላም ነገር አለበት። ግን ዘመዳሞች ናቸው። ሐሳቡ አራት ኪሎ ነበር ማለት ነው። ወረቀትና ኮምፒውተር የሚበቃው ፊዚክስ እንደ እኛ ባለ አገር ርካሹ ፊዚክስ ነው፣ በዚያ መበርታታችንም አያሳፍርም። እኔን የሚከነክነኝ የሚለካው እጅ የት ነው የሚለው ነው።

ጓደኛዬ ጋ ደረስኩ። ስሟንም የተማረችበትንም አልጠራም።

ያደገችው ዝዋይ፣ አሁን ባቱ የምንለው፣ አካባቢ ነው። ስትስቅ አፏን በእጇ የመሸፈን ልማድ አላት። ስምጥ ሸለቆ ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ እንደሚበዛ ታውቁ ይሆናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ እዚያ ከዚህ ብዙ የሚያልፍ ጉድጓድ ሞልቷል። ልጅ ሆኖ የጠጣው ጥርሱ ይበልዛል፣ ለረጅም ዓመታት የጠጣው አጥንቱ ይጎዳል። ወንጂ ላይ የታየው ለሕክምና መጽሔቶች የቆየ ወሬ ነው። ማጣሪያዎች አሉ፣ የአጥንት ከሰልም አለ፣ በአልሙኒየም ሰልፌትና በኖራ የሚሠራም አለ፤ እያንዳንዱ የራሱ ጣጣ አለበት።

እሷ ለማስተርስ ያሰበችው ይህን ነበር፦ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣት ፍሎራይድ የሚወድ ሽፋን (አልሙኒየም ወይም ዚርኮኒየም ያለበት) አልብሶ ውሃ ውስጥ መጨመር፣ ፍሎራይዱ ሲጣበቅበት በማግኔት ጠርጎ ማውጣት። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፣ በብዙ አገር ይሞከራል። እዚህ ላይ አንድ ኢኮኖሚስት የሚወደው ነገር አለ፤ ቅንጣቱ ባነሰ ቁጥር በግራም የሚኖረው ፊት ይጨምራል፣ በግማሽ ቢያንስ ፊቱ እጥፍ ይሆናል፣ ብዙ ፍሎራይድ ይይዛል። ግን በጣም ካነሰ ማግኔቱ ሊይዘው ይቸገራል፣ ከውሃው ጋር አብሮ ይጠጣል። መሐሉ ላይ ትክክለኛ መጠን አለ። ሥራው በሙሉ ያንን መጠን ማግኘት ነው።

ዱቄቱን ሠራችው። የብረት ጨውና አሞኒያ ነው፣ ውድ አይደለም። ጥቁር፣ በማግኔት የሚነሣ። መጠኑን የሚለካላት ግን ጠፋ። አንዱ ጋ መሣሪያው ተበላሽቷል፣ አንዱ ጋ የሚያውቀው ሰው ውጭ ሄዷል፣ አንዱ ጋ ደብዳቤ ከየት አምጪ። በመጨረሻ በብልቃጥ አድርጋ ውጭ ለሚሄድ ሰው ሰጠችው። ውጤቱ የመጣው ከአራት ወር በኋላ ነው፦ ቅንጣቶቹ ተጓጉለዋል፣ መጠናቸው በመቶዎች ናኖሜትር ነው።

ስትነግረኝ ያልኳት ትዝ ይለኛል፤ "እና ስህተት ሠርተሽ ነበር ማለት ነው?"

"አላውቅም" አለችኝ። "እኔ ስልከው እንደዚያ ነበር? ወይስ መንገድ ላይ ነው የሆነው? ይህን ነው እኮ የማላውቀው።"

የእናቴ ቲማቲም ማለት ነው። መቂ ሲጫን ጠንካራ ነበር፣ አትክልት ተራ ሲራገፍ ግማሹ ጭማቂ። እዚህ ማዶ ቆሞ መቂ ላይ እንዴት ነበር ብሎ መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም፤ ሲለቀም ያየው ሰው መኖር አለበት። እንዲህ ያለ ፈሳሽ ብልቃጥ ውስጥ ሆኖም ይለወጣል። በተሠራ ሰዓት፣ በተሠራበት ቤት፣ ዛሬም ነገም ከነገ ወዲያም መለካት አለበት። ይህ የክብር ጉዳይ ወይም "እኛም አለን" የማለት ጉዳይ አይደለም፤ ዕቃው ራሱ መንገድ አይችልም።

መመረቂያዋን ከሰው በተዋሰችው ግራፍ ጨርሳ ወጣች። አሁን ኦንላይን የሒሳብ መዝገብ ትሠራለች። ገቢዋ ከኔ ይሻላል።

እናቴ ይህን ስነግራት ያለችውን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ የምትሉት ነውና፦ "ሽንኩርት በዚህ ዋጋ እየተሸጠ ሌዘር ግዙ ልትል ነው?" ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሌዘር የሽንኩርት ዋጋ አያወርድም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ57 ብር አካባቢ ከ100 በላይ ወጣ፤ ከውጭ የሚመጣ ማንኛውም መሣሪያ ዋጋ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ይህን እኔም ሒሳብ ስሠራ አያለሁ።

ግን እስቲ እማዬን በራሷ ገበያ ልመልስላት። አትክልት ተራ ውስጥ ትልቁ ጠብ ምን ነበር? ሚዛን። እገሌ ሚዛን ይሰርቃል፣ የእገሌ ኪሎ ስምንት መቶ ግራም ነው። ልምድ ያለው ደላላ ከረጢቱን በእጁ ብድግ አድርጎ ኪሎውን ይነግራችኋል፣ ብዙም አይስትም፣ ቢሆንም ማንም በደላላ እጅ አልተዋዋለም፤ መጨረሻ ላይ ሚዛን ይመጣል። ሚዛኑ ሽንኩርት አያበቅልም። ሚዛን ከሌለ ግን ሽንኩርት ያበቀለው ሰው ይበላል። የእኛ ተማሪዎች ደግሞ ሚዛን በሌለበት ገበያ ዕቃ ይዘው የቆሙ ናቸው።

ደግሞ የምለው ሌዘር ቅንጡ አይደለም። እውነቱን ለመናገር መጠን ለመለካት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የተዘጋጀ ሳጥንም አለ፣ የተበተነ ብርሃን መርገብገብን እያየ የሚለካ፤ ፈጣን ነው። ሁለት ችግር አለበት። ፈሳሹ ጥቁር ከሆነ ብርሃኑ ስለሚዋጥ ማቅጠን ግድ ይላል፣ ሲቀጥን ደግሞ ጠባዩ ሊለወጥ ይችላል። ሁለቱ ጨረር የሚደራረቡበት መንገድ ግን ጥቁረቱን ራሱን ይጠቀምበታል፤ ባይሞቅ ኖሮ ጥለቱም አይኖርም። ሁለተኛው ሳጥኑ ሲበላሽ የሚከፍተው ሰው በአውሮፕላን መምጣቱ ነው፣ በዶላር። የሌዘሩ ጠረጴዛ ግን ሌዘር፣ ጥቂት መስታወትና ሌንስ፣ ብርሃን የሚቆጥር ሴንሰር፣ የመስታወት ዕቃና የማይንቀጠቀጥ ጠረጴዛ ነው። ተማሪ ይገጥመዋል፣ ያበላሸዋል፣ መልሶ ይገጥመዋል። ለኔ እንዲያውም መሣሪያው ከሚሰጠው ቁጥር ይልቅ የገጠመችው ልጅ ትበልጣለች፤ ነገ የሆስፒታል ማሽን ሲበላሽ የምትከፍተው እሷ ናት።

አንድ አዲስ አበባ ውስጥ ይበቃል። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ይግዛ ማለት እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱን ድልድይ ይሥራ እንደማለት ነው። ከመግዛት በፊት ደግሞ በነጻ የሚሠራ ነገር አለ፦ ያለውን መናገር። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በሕዝብ ገንዘብ የገዙትን የመለኪያ መሣሪያ ዝርዝር፣ የሚሠራውን የሚሠራ፣ የተበላሸውን የተበላሸ ብለው፣ ማንም በስልኩ የሚያየው ቦታ ላይ ያውጡ። ቀጠሮ በቴሌግራም ቦት ይያዝ። ለኮንዶሚኒየም ዕጣ ስም ዝርዝር በስልክ ያየን ሕዝብ ለማይክሮስኮፕ አያቅተንም። ጓደኛዬ አራት ወር የጠበቀችው ነገር ሦስት ታክሲ ርቆ ተቀምጦ ይሆናል፣ ፕላስቲኩ ሳይገለጥ። አዎ፣ ፕላስቲኩ ያልተገለጠ አይቻለሁ፤ የት እንደሆነ አልናገርም።

"ዝርዝሩ ቢወጣ ሁሉም ይጎርፍና ያበላሸዋል" የሚል ባለሙያ አጋጥሞኛል። እንዲህ ያለው ሰው ክፉ አይደለም፤ ቢበላሽ የሚጠየቀው እሱ ነው፣ ቢሠራ ግን የሚያመሰግነው የለም። ቁልፍ የያዘ ሰው ሁሉ እንዲህ ካሰበ ደመወዝ ብቻ አይደለም መስተካከል ያለበት፤ መሣሪያ ሲሠራ ሰበረው፣ ሳይሠራ ሲያረጅ ጠበቀው የሚባልበት ደንብም ነው። ንብረት ክፍል የሚቆጥረው ዕቃው መኖሩን ነው። በዚህ ዓመት ስንት ናሙና ለካ ብሎ የሚቆጥርም ይኑር።

እስከዚያው እናንተ በእጃችሁ ባለው መጀመር ትችላላችሁ። ቀዩ የሌዘር ጠቋሚ መንገድ ላይ ይሸጣል። (ዓይን ላይ በፍጹም አታብሩት፣ ሕፃን አታስይዙ፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን ጉልበት አትመኑት።) አንድ ፀጉር ከጠቋሚው አፍ ፊት ለፊት በፕላስተር ለጥፉ፣ ሌሊት መብራት አጥፍታችሁ ሁለት ሜትር ላይ ካለ ግድግዳ ላይ አብሩ። ነጥቡ ወደ ጎን ተዘርግቶ ብሩህና ጨለማ በየተራ ሲሆን ታያላችሁ። በስልካችሁ ፎቶ አንሡት፣ ከጎኑ ማስመሪያ አስደግፉ። የብርሃኑን ሞገድ ርዝመት (ቀዩ ብዙውን ጊዜ 650 ናኖሜትር ነው) በግድግዳው ርቀት አባዙት፣ ከአንዱ ጨለማ እስከ ቀጣዩ ጨለማ ባለው ርቀት አካፍሉት። የሚወጣው የፀጉሩ ውፍረት ነው።

እኔ ባለፈው ቅዳሜ ከእናቴ ሻሽ ላይ ያገኘሁትን አንድ ሽበት ለካሁ። ጨለማ ከጨለማ 1.9 ሳንቲሜትር ይራራቃል፤ ሲሰላ 68 ማይክሮሜትር ገደማ ሆነ። እናቴ መብራቱ እስኪበራ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ ስትጠብቅ ቆየችና ግድግዳው ላይ ያለውን ቀይ መስመር እያየች፣

"ይኼ የኔ ፀጉር ነው?" አለች።

"አዎ።"

"እስቲ የአባትህን ደግሞ ለካው።"